«በጥሩ ሁኔታ ይበየዳል» ማለት አይበቃም

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ መርምሮ ይገዛል። ቡና ሲገዛ ጆንያውን ወግቶ ናሙና ያወጣል፤ የተበላሸውን ፍሬ ለቅሞ ይቆጥራል፤ ቆልቶና አፍልቶ ይቀምሳል። ሰሊጥ ሲገዛ ከአፈርና ከገለባ የጠራ መሆኑን በእፍኙ አንሥቶ ያያል። ጨርቅ ሲገዛ ወደ ብርሃን አቅርቦ ድሩንና ማጉን ይመለከታል። ይህ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለ ሆነ ገዢው አያፍርበትም፤ ሻጩም አይቆጣበትም። ይሁን እንጂ ያው ጠንቃቃ ነጋዴ ለመጋዘኑ የብረት ጣሪያ፣ ለጭነት መኪናው ተሳቢ፣ ለነዳጅ ማመላለሻው ቦቴ ወይም ለፋብሪካው የእንፋሎት ማፍያ በሚያሠራበት ጊዜ ብየዳውን በምን እንደ መረመረው ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቀለሙ ያማረ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ያነሰ ነው» የሚል ነው።

ይህ የሚሆነው ነጋዴው ቸልተኛ ስለ ሆነ አይደለም። ብየዳ ከተቀባ በኋላ መልኩ ሁሉ አንድ ነው። በሚገባ ቀልጦ የተዋሐደውም፣ ከላይ ብቻ የተለጠፈውም በአንድ ቀለም ሥር እኩል ያበራሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው ጭነት ሲመጣባቸው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀረው ሥራ መመርመር ሳይሆን ማዘንና መካሰስ ይሆናል። ስለዚህ ብየዳ የሚያሠራ ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ሁሉ ከቀለሙ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር አለበት። በብዙ ውሎች ላይ የሚገኘው «ብየዳው በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ማንንም አይጠብቅም። «ጥሩ» የሚለው ቃል በአሠሪው አፍና በሠሪው አፍ አንድ ትርጉም የለውምና።

ነገሩን ለመረዳት የብየዳን ምንነት በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል። ብየዳ ሁለት ብረቶችን እንደ ሙጫ ማጣበቅ አይደለም፤ ጫፋቸውን አቅልጦ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ብረት ጨምሮ፣ አንድ አካል ማድረግ ነው። የቀለጠ ብረት ግን አየር ሲነካው ይበላሻል፤ ከአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ገብቶበት ቀዳዳ ያበጅበታል፤ ተሰባሪም ያደርገዋል። ስለዚህ የብየዳ ዘዴዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር ለመፍታት የተፈለሰፉ ናቸው፤ ይኸውም ብረቱን ማቅለጥና እስኪረጋ ድረስ ከአየር መጠበቅ ነው። የሚለያዩትም ይህን በሚያደርጉበት መንገድ ነው።

በአገራችን የብየዳ ቤቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት በኤሌክትሮድ የሚደረገው የኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። የኤሌክትሮዱ ልባስ ሲቃጠል ጋዝ ያወጣል፤ ደግሞም በቀለጠው ብረት ላይ ተንሳፎ ስላግ የሚባለውን ቅርፊት ያበጃል። ይህ ዘዴ መሣሪያው ርካሽ፣ በሜዳም በጣራም ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ የተወደደ ነው። ድካሙ ግን በቅርፊቱ ላይ ነው። አንዱ መስመር ተበይዶ ሌላው በላዩ ከመደገሙ በፊት ስላጉ በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ፈጽሞ መጽዳት አለበት። የቸኮለ ሠራተኛ ሳያጸዳ ቢደርብበት ቅርፊቱ በብረቱ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ሁለተኛው ከመሣሪያው እየተመዘዘ በሚወጣ ሽቦና በጋዝ የሚሠራው፣ ሠራተኞች ሚግ ወይም ሲ ኦ ቱ የሚሉት ነው። ሥራው ፈጣን ነው፤ ስላግም የለውም። ነገር ግን ጋዙን ነፋስ ይወስደዋል። በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር የብረት ሕንጻ ደንብ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነፋስ ባለበት ሥፍራ ያለ መከለያ በዚህ ዘዴ መበየድን ይከለክላል። ይህ ፍጥነት ለፊት ገና ቀላል ነፋስ ነው፤ በሩ የተከፈተ የብየዳ ቤት ከሰዓት በኋላ ዘወትር የሚያገኘው ዓይነት ነው። ሌላም አደጋ አለው። ኃይሉ ዝቅ ተደርጎ በወፍራም ብረት ላይ ሲሠራበት፣ መስመሩ እጅግ ያማረ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ሳይዋሐድ ሊቀር ይችላል። ውበቱ ገዢውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው አርጎን የሚባለው ነው። በማያልቅ የተንግስተን ዘንግና በአርጎን ጋዝ ስለሚሠራ ለማይዝግ ብረትና ለአሉሚኒየም፣ ለወተትና ለመጠጥ ፋብሪካ ዕቃዎች ተመራጭ ነው። ሥራው ዝግ ያለና የእጅ ብልሃት የሚጠይቅ ነው። የማይዝግ ብረት ቧንቧ በዚህ ዘዴ ሲበየድ ውስጡም በአርጎን ካልተሞላ፣ የውስጡ ጎን ተቃጥሎ ይሻክራል፤ ወተቱም በዚያ ሻካራ ላይ እየቀረ ይበላሻል። አራተኛው ቅስቱ በዱቄት ሥር ተሸፍኖ በማሽን የሚሠራው ነው፤ ለረዣዥም ቀጥተኛ መጋጠሚያዎች፣ ማለት ለትላልቅ ታንኮችና ለቧንቧ ፋብሪካዎች ይጠቅማል። አምስተኛው የድሮው የኦክሲጅንና የአሴቲሊን ነበልባል ነው። ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ዛሬ ግን ከብየዳው ይልቅ ብረት ለመቁረጥና ለቀጭን ላሜራ ጥገና ይውላል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ዘዴ የራሱ ሥፍራና የራሱ ሕመም አለው። «ይበየድ» ብሎ ማዘዝ «መድኃኒት ይሰጠው» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው፤ የትኛው መድኃኒት፣ ለየትኛው በሽታ፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ካልተጨመረበት ትእዛዙ ትእዛዝ አይባልም።

የተደበቀ የብየዳ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ባሕር የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በኖርዌይ የባሕር ክልል በኤኮፊስክ የነዳጅ ሜዳ ለሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረው አሌክሳንደር ኪየላንድ የሚባለው ተንሳፋፊ መድረክ መጋቢት 27 ቀን በማዕበል መካከል ከአምስቱ እግሮቹ አንዱ ተነቅሎ ተገለበጠ። በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች መካከል 123ቱ ሞቱ። ምርመራው ሲካሄድ የጥፋቱ መነሻ ሆኖ የተገኘው ታላቁ መዋቅር ራሱ አልነበረም። እግሮቹን ከሚያያይዙት ወፍራም የብረት ቱቦዎች በአንዱ ላይ የባሕር ውስጥ ድምፅ መስሚያ መሣሪያ ለመያዝ አንድ አነስተኛ ዕቃ ተበይዶ ነበር። ብየዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የማዕዘን ብየዳ ብቻ ነበር። እንደ ተርታ ነገር የተቆጠረው ይህ ብየዳ ደካማ ነበረ፤ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁም በማዕበሉ ምልልስ ጥቂት በጥቂት እያደገ ዋናውን ቱቦ በላው። ቱቦው ሲበጠስ የቀሩት ደጋፊዎች ጭነቱን ሊሸከሙት አልቻሉም።

በዚህ ምርመራ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ ለነጋዴ የሚበጀው አንዱ ነው። በስንጥቁ ውስጥ ቀለም ተገኝቷል። ይህ ማለት መድረኩ ባሕር ሳይነካ፣ ገና በመሥሪያው ሥፍራ ሳለ፣ ብየዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ ቀለም ቀቢውም በስንጥቁ ላይ ቀባበት ማለት ነው። ከመቀባቱ በፊት አንድ መርማሪ ተገቢውን ምርመራ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በጥቂት ሰዓት ሥራ ይታረም ነበር። በአገራችንም ብየዳው ከተፈጨ በኋላ በስቱኮ ሞልቶ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ ከዚያም በሚያብረቀርቅ ቀለም አሳምሮ ማስረከብ የተለመደ ነው። ለመስኮትና ለአጥር በር ይህ ጌጥ ነው፤ ለተሳቢ ሻንሲ ግን መጋረጃ ነው።

ሌላው ትምህርት ከዚህ ቀደም ብሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተገኘ ነው። በጥር 16 ቀን 1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ወደብ ስኬኔክታዲ የሚባለው አዲስ የነዳጅ መርከብ በጸጥታ በቆመበት፣ ማዕበል ሳይነካው፣ በታላቅ ድምፅ ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። ለዚህና በዚያ ዘመን ለተሰነጠቁት ሌሎች መርከቦች ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልነበረ ኋላ ታውቋል፤ ብረቱ በብርድ ጊዜ እንደ ሸክላ የሚሰበር ዓይነት ነበር፤ ማዕዘኖቹ ስለታም ነበሩ፤ ጉድለት ያለበት ብየዳም ነበረ። በሪቬት በሚያያዝ መርከብ ስንጥቅ ከአንዱ ሉህ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል። በብየዳ የተሠራ መርከብ ግን ሁለንተናው አንድ ብረት ስለ ሆነ ስንጥቁ የሚያቆመው ሳያገኝ ይሮጣል። እንግዲህ ብየዳ ብርታቱም አደጋውም ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ነው፤ አንድ የሚያደርግ ነውና ጥፋቱም የጋራ ይሆናል።

የዓለም ሕዝብ ከእንዲህ ያለው ጥፋት የተማረውን በደንብ ጽፎ አስቀምጧል። ደንቡ ከመጻፉ በፊት ግን ሰው አልቋል። በመጋቢት 20 ቀን 1905 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ማፍያ ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። ማፍያው በሪቬት የተያያዘ ነበር፤ ያፈረሰውም በተደራረቡት ሉሆች መካከል ተደብቆ የነበረ ስንጥቅ ነው። ከዚህ በኋላ የማሳቹሴትስ ግዛት ስለ ማፍያ ሕግ አወጣ፤ ቀጥሎም የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን የማፍያና የግፊት ዕቃ ደንብ አዘጋጀ። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበርም በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ ማለት አይ ኤስ ኦ፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ ስለ ብየዳ ብዙ ደረጃዎችን አውጥቷል። በአገራችንም ይህን ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ነው።

እነዚህ ደንቦች ብዙና ረጅም ቢሆኑም ለአሠሪው ፍሬ ነገራቸው በሦስት ወረቀቶች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው የአሠራር ዝርዝር ነው። በዚህ ላይ የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ የብየዳው ዘዴ፣ የኤሌክትሮዱ ወይም የሽቦው ዓይነት፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል፣ የጫፎቹ አሞራረድና ሌላውም ይጻፋል፤ ዝርዝሩም በሙከራ ብየዳ ተፈትኖ የጸደቀ መሆን አለበት። ሁለተኛው የበያጁ የብቃት ማረጋገጫ ነው። ይህ ወረቀት ሰውየው «በያጅ ነው» ብቻ አይልም፤ በየትኛው ዘዴ፣ በምን ውፍረት፣ በምን አኳኋን እንደ ተፈተነ ይናገራል። በጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በመበየድ የተፈተነ ሰው ከራሱ በላይ አንጋጦ ለመበየድ ፈቃድ አላገኘም። ደግሞም የእጅ ሥራ በመቆየት ይረሳልና፣ በአይ ኤስ ኦ 9606 ደረጃ መሠረት በያጁ በዚያው ሥራ ላይ መቆየቱ በየ6 ወሩ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው የምርመራው መዝገብ ነው፤ የትኛው መጋጠሚያ፣ በማን፣ በምን ዘዴ፣ መቼ ተመርምሮ ምን እንደ ተገኘበት ይገልጻል።

የምርመራው ዘዴ ከዓይን ይጀምራል። ዓይን ሲባል ግን ከሩቅ ቆሞ መመልከት አይደለም። አይ ኤስ ኦ 17637 የሚባለው ደረጃ ተመልካቹ ከብየዳው ከ60 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ፣ በበቂ ብርሃን፣ በመለኪያ እየለካ እንዲያይ ያዛል። የሠለጠነ ዓይን ስፋቱ የጎደለውን ብየዳ፣ ጠርዙ የተበላውን፣ በላዩ ቀዳዳ ያለበትን፣ መጨረሻው ሳይሞላ የቀረውን ይለያል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ከብየዳው በፊት የሚደረገው ማየት ነው። ጫፎቹ በሚገባ ተሞርደው እንደ ሆነ፣ ዝገትና ዘይት እንደሌለባቸው፣ በመካከላቸው ተገቢ ክፍተት እንዳለ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነውና።

በላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ለዓይን ሲሰወር በቀለም ፈሳሽ ይፈለጋል። ብረቱ ይጸዳል፤ ቀይ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ከላይ ይጠረጋል፤ ነጭ ዱቄት ሲነፋበት በስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ወደ ላይ ወጥቶ ስንጥቁን እንደ ብዕር መስመር ይጽፈዋል። ይህ ምርመራ የሚጠይቀው ሦስት ጣሳና ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ስለ ሆነ ትንሹም የብየዳ ቤት ሊያደርገው ይችላል። ማግኔት በሚስበው ብረት ላይ ደግሞ ብረቱን በማግኔት ኃይል ሞልቶ ደቃቅ የብረት ዱቄት ሲበተንበት ዱቄቱ በስንጥቁ ላይ ይሰበሰባል።

በሆድ ውስጥ ያለውን ጉድለት ለማየት ኤክስ ሬይና ከጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ፣ ማለት አልትራሳውንድ ያስፈልጋሉ። ኤክስ ሬይ የአየር ቀዳዳንና የተቀበረ ስላግን በፊልም ላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ማስረጃውም ለዘመን ይቀመጣል። ነገር ግን ከጨረሩ አቅጣጫ ያዘነበለ ቀጭን ስንጥቅ ወይም አለመዋሐድ ሊያመልጠው ይችላል፤ በዚህ አልትራሳውንድ ይበልጠዋል። ጨረሩም ለሰው ጤና አደገኛ ስለ ሆነ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ካለው ሰው በቀር ማንም ሊሠራበት አይገባም። ግፊት የሚሸከም ዕቃ በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ በሆነ ግፊት ይፈተናል። በዚህ ፈተና በውኃ ፈንታ የታመቀ አየር መጠቀም ትልቅ ስሕተት ነው። ውኃ ዕቃው ቢሰነጠቅ ፈሶ ይቀራል፤ የታመቀ አየር ግን እንደ ቦምብ ይፈነዳል። እንዲሁም ነዳጅ ይዞ የነበረ ቦቴ ታጥቦ፣ ጋዙ ወጥቶና በመሣሪያ ተለክቶ ነጻ መሆኑ ሳይረጋገጥ ለጥገና የብየዳ እሳት እንዲቀርብበት ማዘዝ የበያጁን ነፍስ መሸጥ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሠሪውን የሚመለከት ይመስላል። ሻጩም ግን ከነገሩ ነጻ አይደለም። ኤሌክትሮድ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትርጉም ማወቅ ይገባዋል። ኢ 6013 ሲል 60 የሚለው ብየዳው የሚሸከመው የመሳብ ኃይል በአንድ ስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ መሆኑን ያመለክታል፤ ኢ 7018 ሲል 70,000 ማለት ነው። ከቁጥሩ የበለጠ ልዩነት ደግሞ በልባሳቸው ነው። የኢ 7018 ልባስ ሃይድሮጅን እንዲያንስበት ተደርጎ የተሠራ ሲሆን ጠላቱ እርጥበት ነው። ልባሱ እርጥበት ከሳበ፣ ውኃው በቅስቱ ሙቀት ተበትኖ ሃይድሮጅኑ ወደ ብረቱ ይገባል፤ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከብዙ ሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው በተለይ ጠንካራና ወፍራም ብረት ይሰነጠቃል። ጠንካራ ብረቶች ከተበየዱ ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲመረመሩ ደንብ የሚያዘውም ስለዚህ ነው። የአሜሪካው የብየዳ ማኅበር ደንብ ተራው ኢ 7018 ከታሸገበት ወይም ከማሞቂያው ከወጣ በኋላ ከ4 ሰዓት በላይ ለአየር ተጋልጦ እንዳይቆይ ያዛል።

እንዲህ ከሆነ፣ በክረምት ወራት ካርቶኑ ተቀዶ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በፍሬ እየተቆጠረ የሚሸጥ ኢ 7018 ስሙን እንጂ ጥቅሙን ይዞ አይሄድም። ገዢው የከፈለው ለተሻለው ኤሌክትሮድ ነው፤ የተቀበለው ግን እርጥብ ዘንግ ነው። ይህን የሚያደርገው ሻጭ ሚዛን ካጎደለ ሻጭ የሚለይበት ነገር የለም፤ ልዩነቱ የጎደለው ነገር በሚዛን የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው። ካርቶኑን ከመሬት አንሥቶ በደረቅ ክፍል ማኖርና የተከፈተውን በማሞቂያ ሣጥን መጠበቅ ለመደብር ከባድ ወጪ አይደለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «ምርመራ ዋጋ ያስወድዳል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያስወድዳል። ነገር ግን ብየዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ምርመራ ይደረግበት ያለ ማንም የለም። አይ ኤስ ኦ 5817 የሚባለው ደረጃ ጉድለቶችን በሦስት ማዕረግ ከፍሎ፣ ቢ የተባለውን ጥብቅ፣ ሲ የተባለውን መካከለኛ፣ ዲ የተባለውን ልል አድርጎታል። ለአጥር በር ልሉ ይበቃል፤ ምርመራውም የጥሩ ዓይን ምርመራ ብቻ ነው። ለመጋዘን ጣሪያ ተሸካሚ መካከለኛው፣ ለእንፋሎት ማፍያና ሲያልፍ ሲያገድም ለሚናወጥ የጭነት መኪና ሻንሲ ደግሞ ጥብቁ ያስፈልጋል። ብልህ አሠሪ ገንዘቡን በሁሉ ላይ አይበትንም፤ ቢሰበር ሰው በሚገድለው መጋጠሚያ ላይ ያውለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከብደው ነው። «ወረቀት ከተጠየቀ ትንንሾቹ የብየዳ ቤቶች ከገበያ ይወጣሉ፤ ሥራው ሁሉ ለትላልቅ ድርጅቶች ይሆናል» ይባላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በአንድ የብየዳ ቤት የሚኖሩት ባለሙያውና ተማሪው ብቻ ሳይሆኑ ቤተ ሰባቸውም ነው። ሆኖም ዛሬ እነዚህን ቤቶች የሚጎዳቸው ጥሩው በያጅና መጥፎው በያጅ በገዢው ዓይን እኩል መሆናቸው ነው። የሚወዳደሩት በዋጋ ብቻ ስለ ሆነ ስላጉን ፈጽሞ የሚያጸዳው፣ ኤሌክትሮዱን የሚያደርቀው፣ ጊዜ የሚወስደው በያጅ ሁልጊዜ ይሸነፋል። የተፈተነበትን ወረቀት ይዞ ቢቀርብ ግን ለትንሹ ቤት ወረቀቱ ካፒታል ይሆነዋል።

ወረቀት በገንዘብ ሊገዛ ይችላል የሚል ካለም፣ ለዚህ ማንም ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሥራው ሳይጀመር በያጁ ለሥራው ከሚውለው ብረት ሁለት ቁራጭ ወስዶ አንዱን በሌላው ላይ አቁሞ በአንድ ጎን ብቻ ይበይድ። ከቀዘቀዘ በኋላ የቆመው ብረት ወደ ተበየደው ጎን በመዶሻ ይመታ፤ ይገንጠልም። የተሰበረው ፊት ሁሉን ይናገራል። ብየዳው እስከ ማዕዘኑ ሥር ገብቶ እንደ ሆነ፣ የተቀበረ ስላግ ወይም ቀዳዳ እንዳለው፣ ሳይዋሐድ የተላጠ ሥፍራ እንዳለው መሐንዲስ ያልሆነ ሰውም በግልጽ ያየዋል። የሚጠፋው ሁለት የብረት ቁራጭና የግማሽ ሰዓት ጊዜ ነው። ይህ ለብየዳ የቡና ቅምሻ ማለት ነው።

እንግዲህ ለዕለት ሥራ እንዲበጅ፣ ብየዳ ባለበት ውል ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ያሉት አንቀጾች ቢገቡ መልካም ነው።

1ኛ፤ ሥራው የሚሠራበት ደረጃ ስሙና ቁጥሩ፣ የጉድለቱም ማዕረግ ይጻፍ።

2ኛ፤ የብየዳው ዘዴና የኤሌክትሮዱ ወይም የሽቦው ዓይነት ይጠቀስ፤ ያለ አሠሪው የጽሑፍ ፈቃድ አይለወጥ።

3ኛ፤ በሥራው ላይ የሚሰማሩት በያጆች የብቃት ማረጋገጫ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይቅረብ፤ የመዶሻው ፈተናም በአሠሪው ፊት ይደረግ።

4ኛ፤ የትኞቹ መጋጠሚያዎች በምን ዘዴ እንደሚመረመሩና የመርማሪው ዋጋ በማን እንደሚከፈል ይወሰን፤ መርማሪውም የሠሪው ተቀጣሪ አይሁን።

5ኛ፤ የምርመራው መዝገብ ተፈርሞ ሳይቀርብ ስቱኮ፣ አንቲረስትም ሆነ ቀለም አይቀባ።

6ኛ፤ የመጨረሻው ክፍያ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ይሁን።

ከእነዚህ ሁሉ አምስተኛው ምንም ወጪ የለበትም፤ ጥቅሙ ግን ከሌሎቹ አያንስም። በሕግም በኩል ቢሆን ይህ ጥንቃቄ ይረዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃ የገዛ ሰው ምቹ ጊዜ እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ቀለም የተቀባ ብየዳ የተረከበና ከብዙ ወራት በኋላ አቤት የሚል ሰው ጉድለቱ ከመጀመሪያው የነበረ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። የተፈረመ መዝገብ ያለው ግን ክርክሩን በአንድ ወረቀት ይጨርሳል፤ ሐቀኛ ሠሪም በዚያው ወረቀት ከሐሰት ክስ ይድናል።

የንግድ ምክር ቤትም በዚህ ነገር ሊያደርገው የሚችል ሥራ አለ። ከላይ ያሉትን አንቀጾች በሕግ አዋቂና በብየዳ መሐንዲስ አስመርምሮ እንደ ናሙና ውል አትሞ ለአባሎች ቢያድል፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ለየብቻው ከመድከም ይድናል። ለአንድ ተሳቢ ብቻ አልትራሳውንድ መርማሪ መጥራት ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ አሥር አባሎች ሥራቸውን በአንድ ሳምንት አሰባስበው ቢጠሩት ግን ዋጋው ይከፋፈላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ነጋዴ በስሙ ይኖራል። በጎኑ ላይ የነጋዴው ስም የተጻፈበት ተሳቢ በቁልቁለት መንገድ ላይ ቢሰበር፣ የበያጁን ስም የሚጠይቅ መንገደኛ የለም፤ የሚነበበው በጎኑ ያለው ስም ነው። ቡናውን ሳይቀምስ የማይገዛ ነጋዴ፣ ሰው የሚሳፈርበትን፣ ሰው ከሥሩ የሚሠራበትን ብረት ሳይመረምር መረከብ የለበትም። መልካሙ ጊዜ ደግሞ ብሩሹ ቀለሙ ውስጥ ከመነከሩ በፊት ያለው ነው።